ልጅን ንጽሕና ስለ ማስተማር፤ ምስጋናና ቅጣት የሚሠሩት ሥራ

እናቶች፤ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚቈፈር፣ እጅም መቼ መቼ መታጠብ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ተነግሯችኋል። ነገር ግን ጉድጓዱ ተቈፍሮ፣ ውሃውም ተቀድቶ ሳለ ልጁ እንቢ ቢልስ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። እኔ ገና ወጣት ጤና መኮንን ነኝ፤ ልጅም አልወለድኩም። «ይህ ምን ያውቃል!» ብትሉኝ አልቀየምም፤ ብቻ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በአንድ የገጠር ቀበሌ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት አምስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ታቅፋ አገኘኋት። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። «እትዬ፣ ተቅማጥ ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?» ብላት «ዛሬ ጧት ነው ያየሁት» አለችኝ። ታላቅ እኅቱ ግን ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን ነገረችን። ለካ በጓሮ ከጌሾው ሥር እየተደበቀ ይቀመጥ ኖሯል። ከዚያ በፊት በግቢው መካከል ተጸዳድቶ በአርጩሜ ተገርፎ ነበርና ፈራ። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠን፣ በማንኪያ እየሰጠን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ።

ይህች ሴት ክፉ እናት አልነበረችም። ንጽሕና ልታስተምረው ፈልጋ ነው የመታችው፤ ልጁ ግን ከአርጩሜው መደበቅን ተማረ።

ይህ ነገር በሊቃውንትም ተመርምሯል። ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ በ1898 እ.ኤ.አ. የተራቡ ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ምግቡን በውጭ አኖረው። ድመቷ ስትቧጥጥ በድንገት መክፈቻውን ነክታ ትወጣና ትበላለች። ነገሩ ሲደጋገም ቶሎ ቶሎ መውጣትን ለመደች። ከእርሱ በኋላ ስኪነር የሚባለው በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ስለ አይጦች ጻፈ። መጫኛ እየተጫኑ ምግብ ማግኘት የለመዱትን አይጦች ምግቡን ከልክሎ፣ አንዳንዶቹን ሲጫኑ እግራቸው እንዲመታ አደረገ። ለጊዜው ተዉት። ምቱ ሲቀር ግን እንደ ገና መጫን ጀመሩ፤ በመጨረሻም ካልተመቱት ያነሰ አልተጫኑም። ቅጣቱ እንደ ረመጥ በዐመድ ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም ማለት ነው።

«ታዲያ በሽታው ራሱ ለምን አያስተምረውም?» የሚል ይኖራል። በሽታ ዘግይቶ ነው የሚመጣ። ሳይታጠብ የበላ ልጅ የሚታመመው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታመምም። ስለዚህ ሕመሙንና ያልታጠበ እጁን አያገናኛቸውም። ትምህርት የሚሆነው ወዲያው የሚከተለው ነገር ነው። ልጁ እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም በዐመድ ታጥቦ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሱ አጉርሱት፤ «የታጠበ እጅ ይኸውላችሁ!» እያላችሁ ለአባቱ አሳዩለት። ከረሜላ አያስፈልግም፤ ጥርሱን ያበላሽበታል። በመጀመሪያው ሰሞን ሁልጊዜ አመስግኑት፤ ከለመደ በኋላ አልፎ አልፎ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሳናውቅ የምንሸልመውን ነገር እንመልከት። ጧት ፊቱን ስታጥቡት ብርዱን ጠልቶ ይጮኻል። እናት ታዝንና ትተወዋለች። በዚያች ደቂቃ ልጁ ጩኸት ውሃን እንደሚያስቀር ተማረ፤ ነገ አብልጦ ይጮኻል፤ ዝንብም ከዓይኑ ላይ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን ማዝ ወደ ሌላው ልጅ ታመላልሳለች። ውሃውን ለብ አድርጎ፣ እየዘፈኑለት፣ ጀምሮ መጨረስ ነው። እናትም ብትሆን ትማራለች እኮ! ልጁን ስትመታው ወዲያው ዝም ስለሚል ዱላው የሠራ ይመስላትና ነገም ታነሣዋለች። ይህን ሳስብ እኔን የገረፉኝን ሁሉ ይቅር ለማለት ይቃጣኛል።

ሽንት ቤቱም ራሱ ይቀጣል። ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ ቀዳዳው ለትንሽ እግር ሰፊ ነው፤ ልጁ እገባለሁ ብሎ ይፈራል። ለእርሱ የሚሆን ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ሳንቃ አድርጉለት፣ እጁንም ያዙት። ሕፃን ከሆነ በፖፖ ይቀመጥና ወደ ጉድጓዱ ይደፋ፤ የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም የሚባለው ሐሰት ነው።

ልብሱን አበላሽቶ «እማዬ፣ ሆዴን» ብሎ የመጣ ልጅ ግን ከሁሉ አብልጦ መመስገን አለበት። ቁጣውን ዋጥ አድርጋችሁ እጠቡትና «እንኳን ነገርከኝ» በሉት። ያች እናት አሁን እንደዚሁ ታደርጋለች። በሁለተኛው ጉብኝቴ ልጁ ገና ከበር «ዶክተር፣ ዛሬ ሆዴ ደኅና ነው!» ብሎ ጮኸልኝ፤ እጄንም ይዞ የተቈፈረለትን ሊያሳየኝ ወሰደኝ።