ጥልቅ ውሃ ለምን ያስፈራናል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት ስለ ዋና ነው። የቂርቆስ ልጅ ዋና ምን ያደርግለታል እንዳትሉ። ባሕር ባይኖረንም ክረምት ሲገባ ካዛንቺስ አካባቢ ለግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፤ ወንዙም ይሞላል። ልጆች የሚሰጥሙት እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

እኔ ዋና የተማርኩት ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ነው። እግሬ መሬት እስከነካ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ገንዳው ወደሚጠልቅበት በኩል ስጠጋ ግን ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። አጎቴ "ያው ውሃ እኮ ነው፤ ከስር ያለው ውሃ ምን አደረገህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳይንሱን ሳነብ ግን ልክ ነው።

አርኪሜደስ የሚባለው የግሪክ ሊቅ ከ2,200 ዓመት በፊት እንዳስረዳው፣ ውሃ ውስጥ የገባን ነገር ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚገፋው ኃይል ደግሞ ቦታውን ከለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። አስተውሉ፣ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ጥልቀት የሚባል ነገር የለም! 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። 40 ኪሎ የሆነ ልጅ ሳንባውን በአየር ሲሞላ ብዙ ጊዜ ከ40 ሊትር ትንሽ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። የሚበልጠው በትንሹ ስለሆነ ከውሃ በላይ የሚቀረው ፊቱ ብቻ ነው። አየሩን ሲያስወጣ ግን ቀስ እያለ ይሰጥማል።

የጣና ሐይቅ ጥልቀት 15 ሜትር ገደማ ነው፤ የሻላ ግን ከ250 ሜትር ይበልጣል። በጣና መንሳፈፍ የቻለ በሻላም ይንሳፈፋል። አፋር ያለው የአፍዴራ ሐይቅማ ጨው ስለበዛበት እፍግታው (ዴንሲቲ የምንለው) ከፍ ያለ ነው፤ ሰው ጀርባው ላይ እንደ አልጋ ይተኛበታል።

ታዲያ ሰው ለምን ይሰጥማል? አንዱ ምክንያት ራሱ ፍርሃቱ ነው። የፈራ ሰው ይጮሃል፤ ሲጮህ የሳንባው አየር ያልቃል። እጁንም ወደ ላይ ያነሳል። ውሃው ይሸከምለት የነበረውን እጅ አሁን ራሱ ሊሸከም ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይገባል።

እኔን የጠቀመኝ ልምምድ የጀመረው ቤት ውስጥ ነው። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ፣ ፊቴን ነክሬ በአፍንጫዬ ቡልቅ ቡልቅ ማድረግ (እህቴ እስክትሰለች ድረስ!)። ቀጥሎ እግር በሚያስረግጠው በኩል አጎቴ ጀርባዬን ይዞልኝ ጣራ ጣራ እያየሁ መንሳፈፍ። 20 እስክቆጥር መቆየት ስችል ያንኑ በጥልቁ በኩል ጠርዙ አጠገብ ደገምኩት። ወደ ታች ስትጠልቁ ውሃው ጆሮን ይጫናል፤ ሳያማችሁ በፊት አፍንጫችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉ። እምቢ ካለ ውጡ። በፍጥነት ደጋግሞ ተንፍሶ ከውሃ በታች የመቆየት ውድድር ግን በፍጹም አትወዳደሩ፣ ሳይታወቅ ራስን ያስታል።

ደግሞ ገንዳ ሌላ፣ ሐይቅና ወንዝ ሌላ። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካን ሳናስበው አየር ያስምገናል፤ ያኔ አፋችን ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃውን ነው የምንምገው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው መግባት። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ግን ዋና የሚችልም አይግባ። ጠርዙ ጭቃ ስለሆነ መውጫ የለውም፣ ከስሩም ብረት ይኑር ድንጋይ አይታይም።

ጓደኛችሁ ቢገባስ? ዘላችሁ አትከተሉት፤ የሰጠመ ሰው ያገኘውን ይዞ ይወርዳል። ትልቅ ሰው ጥሩ፣ 939 አስደውሉ፣ ገመድ ወይም ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ 20 ኪሎ ውሃ ያስለቅቃል፤ የራሱ ክብደት 1 ኪሎ ገደማ ቢሆን 19 ኪሎ ይሸከማል። ጭንቅላት ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጀሪካን ለሁለት ልጅም ይበቃል። ከመወርወራችሁ በፊት ክዳኑን ጠበቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ውሃ ይገባበታል።