ከጣርማ በር አፋፍ የሚወርደው ውኃ (በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 47 ላይ የተመሠረተ ትምህርት)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አፋፍ ላይ የይፋትን ቆላ ቁልቁል ይመለከታል። በዚያ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ግን በየገደሉ እየተወረወረ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና የአዋሽ ወገን ይሆናል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፥ ጨዋማ በሆነው በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ያየው ውኃም ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ቆላው ይወርድ ነበር። መሪው ሺህ ክንድ እየለካ ነቢዩን አሻገረው፤ ውኃው መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፥ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፥ ከዚያም እስከ ወገብ ደረሰ፤ በመጨረሻም በዋና ካልሆነ የማይሻገሩት ወንዝ ሆነ። ጨዋማውንም ባሕር ፈወሰ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ ጸጋ እንደ ጥልቅ ውኃ ነው፤ በጥምቀት የገባንበትን ጥልቀት በአንድ ቀን አንጨርሰውም። መሪው አስቀድሞ ለክቶ እንዳሻገረ፥ መምህሩም ተማሪውን ደረጃ በደረጃ ይመራዋል። ወጣቶችን ፏፏቴ ለማየት በእግር ጉዞ የሚወስድም እንዲሁ ያድርግ፤ ጥልቀቱ ወዳልታወቀ ኩሬ ዘልሎ መግባትን ይከልክል። በክረምት የደጋው ዝናብ፥ ከታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ደራሽ ጎርፍ እንደሚያመጣ ያስተምር።

ሁለተኛ፥ ሕይወት የሚሰጠው ውኃ በሰው ቸልተኝነት በሽታ ተሸካሚ ይሆናል። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ከተራባ በኋላ በሚዋኘውና በሚታጠበው ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ይህም በቀዝቃዛው የተራራ ፏፏቴ ሳይሆን በቆላው ሞቃትና ዝግተኛ ውኃ ይበረታል። ስለዚህ ከላይ ያለው ወንዙን ቢያረክስ የሚጎዳው ከታች ያለው ነው። በዓይናችን የማናየው የታችኛው ሰውም ባልንጀራችን ነው።

በራእዩ በወንዙ ዳር የበቀሉት ዛፎች ቅጠል ለመድኃኒት ሆነ። በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶች ከጥንት የሚያውቁት ተክል የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል በዚህ ታወቀ። እግዚአብሔር ፈውስን ከደጃችን ያስቀምጣል፤ የሚያስተውል ዓይን ግን ይፈልጋል።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ዐዋዲ መልእክታቸው፥ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲህ ወንዝን መጠበቅ የፍቅርም የፍትሕም ግዴታ ነው።

ለውይይት፦
1. በመንደራችን ውኃ የምንቀዳው፥ የምንታጠበውና ከብት የምናጠጣው የት የት ነው?
2. ከእኛ በታች ይህን ውኃ የሚጠጣው ማን ነው?
3. ቁምስናችን በዚህ ዓመት ለእርሱ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

የሕይወት ውኃ ምንጭ የሆነው ጌታ ልባችንን ያንጻ። አሜን።