ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ለማን፣ እንዴትና በምን ጥንቃቄ?

በዚህ ወር የጤና ትምህርታችን ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንነጋገራለን። ርዕሱን የመረጣችሁልን እናንተው ናችሁ። በውኃ ቦኖ ላይም ሆነ በራሽን ሰልፍ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ፣ «መምህር፣ ጥርስዎን የት አሠሩት? ስንት ፈጀብዎ? ሲበሉበት አያምዎትም?» እያለ ሲጠይቀን ከርሟል። ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ከምንመልስ፣ የደረሰብንን ስሕተት ጨምረን ለሁሉም በአንድነት ብንጽፍ ይሻላል ብለናል።

የእኛ ጉዳት የጀመረው በመኪና አደጋ ነው። ከላይ ሁለት የፊት ጥርሶቻችንን አጣን። ነገሩን አቅልለን አይተነው ነበር፤ «ጥርስ እንጂ እግር አልተቆረጠብን» አልን። ቅዳሜ ቅዳሜ በምናስተምረው የአማርኛ ክፍል ግን የቃል ጽሕፈት ስንሰጥ ጉድ ፈላ። «ስም» ብለን ስናነብ ግማሹ ተማሪ «ሽም» ብሎ ጻፈ። «ፊደል» ስንል አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ በየትኛው ሀ ነው?» አለችን። ልናርም ቀይ እስክሪብቶ አነሣን፤ ነገር ግን እጃችን ከበደን። ስሕተቱ የልጆቹ አልነበረምና።

፩. ጥርስ ሲጎድል ምን ይሆናል?

ሙሉ ሰው 32 ጥርስ ይኖረዋል። ሥራቸውም የተከፋፈለ ነው። የፊት ጥርስ ይቆርጣል፣ ክራንቻ ይቦጭቃል፣ መንጋጋ ያደቅቃል። ከዚህ ሌላ ጥርስ የንግግር መሣሪያ ነው። «ፈ» ለማለት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት አለበት። «ሰ» እና «ዘ» ደግሞ አየሩ በጥርስ በኩል ተጣርቶ ሲወጣ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው።

አንድ ጥርስ ከወለቀ በኋላ የቀሩት ዝም ብለው አይቀመጡም። ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይዘማሉ፤ ከፊት ለፊቱ ያለውም ተቃራኒ አጥቶ ይረዝማል። ጥርሱን ይዞት የነበረው አጥንት ደግሞ ሥራ ሲያጣ እየሟሸሸ ይሄዳል። ይህ መሟሸሽ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ነው፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ አገጫቸውና አፍንጫቸው የተቀራረበ አረጋውያን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳት ሐፍረት ነው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁ እናት በየሠፈሩ አሉ። ቆሎ ሲቀርብ «ጠግቤአለሁ» የሚሉ አባትም እንዲሁ። ይህ የእኛ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ ካኩማ ከጎረቤቶቻችን ከዲንካና ከኑዌር ወገን ብዙዎች በባህላቸው መሠረት የታችኛውን የፊት ጥርሳቸውን በልጅነት ተነቅለዋል። ከእነርሱ መካከል ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኔብራስካ ግዛት የሄዱ አንዳንዶች የተነቀለባቸውን ጥርስ እንዲተካላቸው ሐኪም ጠይቀው አስተክተዋል። ስለዚህ ጥርስ ማስተካት የቅንጦት ፍላጎት ነው ብላችሁ አትፈሩ።

፪. በአንድ ሰዓት የተሠራ ጥርስ

ወደ ስሕተታችን እንምጣ። ፈቃድ አግኝተን ናይሮቢ በወረድንበት ጊዜ አንድ ሰው በርካሽ ጥርስ እንደሚሠራ ተነገረን። ሰውየው ዱቄትና ፈሳሽ ቀላቅሎ እንደ ሊጥ አደረገው፤ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶችን ከጎንና ከጎን ካሉት ጤነኛ ጥርሶቻችን ጋር አጣብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረሰ። መስታወት ሲሰጠን ደስ አለን። የሥራ ፈቃድ አለህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም።

አራት ወር ያህል ደኅና ነበርን። ከዚያ አፋችን ይሸት ጀመር፤ ድዳችን አበጠ፣ ደማ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳነው። የተጣበቀው ነገር ስለማይወልቅ ከሥሩ የገባው ምግብ አይጸዳም፤ የተከማቸው ቆሻሻ ድዱንና ጎረቤት ጥርሶችን ይበላል። ያልበሰለው ፈሳሽም ድድን ያቃጥላል። በመጨረሻ ከደኅነኞቹ ጥርሶች አንዱ ተነቃንቆ ተነቀለ። ሁለት ጎዶሎ ልንሞላ ሄደን ሦስት ጎደለን ማለት ነው።

፫. ወደ ሁርሊንግሃም

ትክክለኛውን ሕክምና ያገኘነው ሁርሊንግሃም ነው። ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምዕራብ ያለ ሠፈር ነው። ዋናው መንገዱ አርግዊንግስ ኮድሄክ ይባላል፤ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የኬንያ ጠበቃ በነበሩትና በ1969 እ.ኤ.አ. በሞቱት ፖለቲከኛ ስም የተሰየመ ነው። በአካባቢው ብዙ ክሊኒኮች አሉ። የሀበሻ ምግብ ቤትም ስላለ፣ መንገድ የጠፋበት ሰው በአማርኛ ጠይቆ የሚያመላክተው አያጣም።

በዚሁ መንገድ የናይሮቢ ዩኒቨርስቲ የጥርስ ሆስፒታል ይገኛል። ዩኒቨርስቲው የጥርስ ሕክምና ማስተማር የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ክትትል ሥር ሕሙማንን ያክማሉ። እያንዳንዱ ደረጃ በመምህር ስለሚታይ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል።

ጥርስ የሚተካባቸው ዋና ዋና መንገዶች አራት ናቸው።

ሀ. ከፊል ተነቃይ ጥርስ፦ ጥቂት ጥርስ ለጎደለው ሰው የሚሠራ ነው። በድድና በላንቃ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜ በሽቦ መያዣ በቀሩት ጥርሶች ይደገፋል። የእኛ ይህ ነው።

ለ. ሙሉ ተነቃይ ጥርስ፦ አንድም ጥርስ ላልቀረው ሰው የሚሠራ ነው። የላይኛው ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይይዛል። የታችኛው ግን የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ስለሆነና ምላስ ስለሚገፋው ለመልመድ ይከብዳል።

ሐ. ድልድይ፦ ከጎንና ከጎን ያሉት ጥርሶች ተሞርደው በእነርሱ ላይ የሚታሰር ቋሚ ጥርስ ነው። ሐኪም በልክ የሚሠራው ድልድይ ከሥሩ ሊጸዳ የሚችል ነው፤ ከላይ ከነገርናችሁ የተጣበቀ ጥርስ ጋር አንድ አይደለም።

መ. ኢምፕላንት፦ በአጥንት ውስጥ የብረት ሥር ተተክሎ ጥርሱ በላዩ ይታሰራል። በቂ አጥንት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከሁሉም የከበደ ነው።

፬. አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የተመለከቱን ሐኪም መጀመሪያ ስለ ጥርስ ሥራ አልተነጋገሩንም። በመጀመሪያ አፍ ይዳን አሉ። የቀረ ሥር ካለ ይነቀላል፣ የተቦረቦረው ይሞላል፣ ድድ ይጸዳል። ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ እስኪድንና አጥንቱ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ሳይረጋ የተሠራ ጥርስ ቶሎ ይላላል፤ በኋላ ከሥሩ ተሞልቶ መታደስ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ልክ ይወሰዳል። ሐኪሙ ለስላሳ ሊጥ በሳህን መሰል ነገር አድርገው አፍ ውስጥ ይከታሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲጠጥር ያወጡታል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ጀሶ ይፈስስበትና የአፋችን ምስል ይሆናል። በሌላ ቀን ሰም አስነክሰው የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ እንዴት እንደሚገናኝ ይለካሉ። የጥርሱን ቀለም ከቀሩት ጋር ያስተያያሉ። ቀጥሎ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ለሙከራ ይመጣሉ።

በዚህ የሙከራ ቀን አትቸኩሉ፤ በመስታወት እዩት፣ ተናገሩበት። ሰሙን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከበሰለ በኋላ ግን ከባድ ነው። ድዳቸው የተነቀሰ እናቶችም የድዱ ቀለም እንዲመሳሰል ከፈለጉ ከሙከራው በፊት ይናገሩ። እኛ በዚያ ቀን «ስም፣ ሰሌዳ፣ ፊደል፣ ፈረስ» እያልን ስናነብ ሐኪሟም ሳቁ፤ አንዱን ጥርስ ትንሽ ወደ ኋላ መለሱልን፤ «ሰ»ም ተስተካከለች።

በመጨረሻ ሰሙ ወጥቶ በቦታው አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ይገባል፤ በብረት ቅርጽ ታስሮ በሙቅ ውኃ ይበስላል። ዱቄቱና ፈሳሹ በሚገባ የሚዋሐዱት በዚህ ጊዜ ነው። አፍ ውስጥ የተጋገረውና በላቦራቶሪ የበሰለው ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ከአክሪሊክ በፊት የነበረው ኑሮ ከባድ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ሥልጣን ሲይዙ የራሳቸው የቀራቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር፤ ሲያሠቃያቸው ኖሯል። ያን ሁሉ ሥልጣን ይዘው ያላገኙትን ምቾት ዛሬ አንድ ስደተኛ ሊያገኝ ይችላል።

፭. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ ጥርስ እንደ አዲስ ጫማ ነው። አፍ ይሞላል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ምላስ ቦታ ያጣል። ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለመዳል። እስከዚያው የሚከተለውን አድርጉ።

• ለስላሳ ምግብ አስቀድሙ፦ ገንፎ፣ የራሰ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የበሰለ ድንች። ቆሎና ቋንጣ ይቆዩ።
• ትንሽ ትንሽ ጉረሱ፤ በሁለቱም ጎን አኝኩ። በፊት ጥርስ አትገንጥሉ።
• በየቀኑ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችል ከአንድ እስከ መቶ ይቁጠር።
• የሚያቆስል ቦታ ካለ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። በሞረድ ወይም በምላጭ ራሳችሁ አትፋቁት።

፮. አያያዝ

ማታ ማታ አውልቁት። ድድም እንደ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ሌት ተቀን የማያወልቅ ሰው ላንቃው በፈንገስ ይቀላል፣ ያቃጥለዋል። ያወለቃችሁትን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አኑሩት፤ ከደረቀ ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። ልጆችና ውሻ የማይደርሱበት ቦታ ይሁን።

በየቀኑ በብሩሽና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። የጥርስ ሳሙና፣ አመድና አሸዋ ይጭሩታል። የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ሽቦ ያለውን በበረኪና አትዘፍዝፉት። ስታጥቡ ከሥር ውኃ ያለው ሳፋ ወይም ፎጣ አድርጉ፤ ከእጅ አምልጦ መሬት ላይ ከወደቀ ይሰበራል። ከተሰበረም በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ ስብርባሪውን ሰብስባችሁ ለባለሙያው ውሰዱለት። የቀሩትን ጥርሶቻችሁን፣ ድዳችሁንና ምላሳችሁንም ማጽዳት አትርሱ። ሽቦው የሚደገፈው በእነዚያ ጥርሶች ነውና።

አጥንት መሟሸሹን ስለማያቆም ጥርሱ በጊዜ ብዛት ይላላል። በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ጥሩ ነው።

፯. ከመሄዳችሁ በፊት

አንደኛ፣ በካምፑ ጤና ጣቢያ ታዩ፤ ሕመም ወይም እብጠት ካለ በዚያ ይጀመር። ሁለተኛ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሳትይዙ አትነሡ፤ ሥራው ብዙ ቀጠሮ ስላለው ለቀጠሮዎቹ የሚበቃ ጊዜ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ጠቅላላውን ዋጋና የቀጠሮውን ብዛት ከመጀመሪያው አስጽፉ። እኛ በራሳችን ወጪ ነው ያሠራነው፤ ሳናጠያይቅ ብንጀምር ኖሮ ከመንገድ እንቀር ነበር። አራተኛ፣ በኬንያ የጥርስ ሐኪም በሕግ የተመዘገበና በየዓመቱ የሚታደስ የሥራ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። አምስተኛ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ፣ መድኃኒትም የምትወስዱ ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ።

በስዋሂሊ ጥርስ «ጂኖ»፣ ሲበዛ «ሜኖ» ይባላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ «ሜኖ ባንዲያ» ነው። «ያመኛል» ለማለት «ኢናኡማ» በሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የተማርነውን በአንድ ቃል ብናጠቃልለው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በአፋችን ልክ የሚሰፋ እንጂ እንደ ማስቲካ የሚለጠፍ አይደለም። ለመሥራት ጊዜ የሚወስድ፣ ማታ የሚወልቅ፣ በየቀኑ የሚታጠብ ይሁን። አቅም ለጊዜው ባይፈቅድ እንኳ ባዶ ቦታ ይዞ መጠበቅ ጤነኛውን ጥርስ ለማያውቅ እጅ ከመስጠት ይሻላል። ባለፈው ቅዳሜ የቃል ጽሕፈት ሰጥተን ነበር። «ስም» ያልነውን ሁሉም «ስም» ብለው ጻፉ። የተሳሳቱትንም ያለ ሐፍረት አረምን።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ጥርስ ከወለቀ በኋላ ጎረቤት ጥርሶችና አጥንት ምን ይሆናሉ?
2. በአንድ ሰዓት አፍ ውስጥ የሚጣበቅ ጥርስ ጉዳቱ ምንድን ነው?
3. ተነቃይ ጥርስ ማታ ለምን ይወልቃል? የትስ ይቀመጣል?
4. በቤታችሁ ጥርሳቸው የጎደለ አረጋዊ ካሉ ይህን ጽሑፍ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው፤ የሚጠይቁትንም ጽፋችሁ ላኩልን።