«ኪነ ጥበባዊ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ያማረ ነገር ሁሉ «ኪነ ጥበባዊ» ይባላል፤ ስፌቱም፣ የፀጉር አሠራሩም፣ ረከቦቱም ሳይቀር። ቃሉ በዛ፤ ትርጉሙ ሳሳ። እኛ ግን ነገ የሕፃናትን ሥዕል፣ ግጥምና የእጅ ሥራ የምናርም ሰዎች ነን። ትርጉሙ ቢጠፋን የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ከቃሉ እንነሣ። «ኪን» የግዕዝ ቃል ሲሆን በብልሃት መሥራትን ያመለክታል። «ጥበብ» ደግሞ ዕውቀትም ነው፤ ሸማኔው በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ባለቀለም ጥለትም ነው። ቋንቋችን አእምሮንና እጅን አልለያየም። የለያየነው እኛው ነን፤ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ጠይብ» እያልን ስንንቅ ኖረናል። ቃሉ ግን የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው።

በአመዛዘን ረገድ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ።

1ኛ/ «ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል» የሚለውን መለኪያ ማድረግ። ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እንመልከት። በብዙዎቹ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ክፉው በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላል። ሠዓሊው የሰው ዓይን ሁለት መሆኑ ጠፍቶት ነው? አይደለም። ያመነውን በመሥመር ስለ ተናገረ ነው።

2ኛ/ ጌጥ ማብዛትን እንደ ጥበብ መቁጠር። የጀበና ሆድ ክብ፣ አንገቱም ቀጭን የሆነው ለአገልግሎቱ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሆዱ ከአንገቱ የሚጋጠምበትን ጉብጠት፣ የእጀታውንም ልክ ለዓይን መጥና ስታወጣው ግን፣ አንዳች ቀለም ባይነካውም ኪነ ጥበባዊ ነው።

እንግዲህ አንድን ሥራ ኪነ ጥበባዊ ስንል፣ ሠሪው የተሰማውን ወይም ያሰበውን ለመግለጽ ቅርፁን መርጧል፤ ምርጫውም ለተመልካቹ ይደርሳል ማለታችን ነው። ባጭሩ ይዘትና ቅርፅ ተስማምተዋል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀበና ሥዬ፣ «ይህን አስመስላችሁ ሣሉ» አልኩ። አንዲት ልጅ ጀበናውን ገጹን እስኪሞላ አተለቀችው፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ሴት አስቀመጠች። ከ10 4 ሰጠኋት። ምን እንደ ሆነ የጠየቅኋት ካረምኩ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ ናት። ቡና ሸጣ ነው የምታሳድገን» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ደብተር ኪነ ጥበባዊ ሊባል የሚገባው የሷ ብቻ ነበር። የኔው ጀበና እንኳ ጀበና ከመምሰል አላለፈም። ማርኩን ወዲያው ለወጥኩላት። ነገር ግን በሳምንቱ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ስላቸው፣ ልጅቱ የሣለችው የሰሌዳውን ጀበና ነበር፤ ልክ እንደኔው አድርጋ።

መወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ የሕፃን ሥዕል ከማረማችን በፊት ምን መጠየቅ አለብን?
ለ/ አስመስሎ መሣል በትምህርት ውስጥ ጥቅሙ የት ድረስ ነው?
ሐ/ በአካባቢያችሁ ኪነ ጥበባዊ የምትሉትን አንድ የእጅ ሥራ ጥቀሱ፤ ምክንያታችሁንም አስረዱ።