እምነትን በትሕትና ማካፈል
ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ወጣቶች ሱባኤ የሚሆን ትምህርት



በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ የሚኖር ክርስቲያን ወጣት በትምህርት ቤትም ሆነ በገበያ ከሙስሊም ወገኖቹ ጋር ይውላል። ስለዚህ እምነትን ስለ ማካፈል በእነዚህ ከተሞች የሚደረግ ሱባኤ፣ «ጎረቤቴን ሳላስቀይም፣ እምነቴንም ሳልደብቅ እንዴት ልኑር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናንም ተገድለዋል። ይህን ያየ ወጣት በሁለት ፈተናዎች ሊያዝ ይችላል። አንደኛው በፍርሃት ዝም ማለት ነው፤ ሁለተኛው በቁጣ መከራከርና የሌላውን እምነት ማንቋሸሽ ነው። ሁለቱም የወንጌል መንገድ አይደሉም።

1. የፊልጶስ አካሄድ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ ፊልጶስ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው የበረሃ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘ ጊዜ በስብከት አልጀመረም። በመጀመሪያ ወደ ሠረገላው ቀረበ፤ የሚነበበውን አዳመጠ፤ ከዚያም ጠየቀ። ወደ ሠረገላው የወጣው ጃንደረባው ስለ ለመነው ነው። ስለ ኢየሱስ የመሰከረውም ከሰውዬው ከራሱ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ መቅረብ፣ ማዳመጥና መጠየቅ ከመናገር ይቀድማሉ።

2. የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ምክር

ጅግጅጋ የምትገኝበት የሐረር ሐዋርያዊ ቪካርያት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1846 ለካፑቺኑ አቡነ ማስያስ በአደራ ከተሰጠው ተልእኮ ነው። የካፑቺኖች መንፈሳዊ አባት ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ እ.ኤ.አ. በ1219 በመስቀል ጦርነት መካከል በግብፅ ወደ ነበረው ወደ ሱልጣን አል ካሚል ያለ መሣሪያ ሄደ፤ ሱልጣኑም ተቀብሎ በሰላም ሸኘው። ከሁለት ዓመት በኋላ በተጻፈው ደንብ ወደ ሙስሊሞች ለሚሄዱ ወንድሞች ሁለት መንገዶች ተሰጥተዋል። የመጀመሪያው ጠብና ክርክር ሳያነሡ፣ ለሁሉ እየታዘዙ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን ሳይሸሽጉ መኖር ነው። ሁለተኛው እግዚአብሔር እንደ ፈቀደ ባዩ ጊዜ ቃሉን መናገር ነው።

3. በጎረቤት ምድር የታየ ምስክርነት

ከአውበሬ ድንበር ማዶ በምትገኘው በቦራማ የኖረችው አናሌና ቶኔሊ ምእመን እንጂ መነኩሲት አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1943 በጣልያን ተወልዳ በ1969 ወደ ኬንያ መጣች፤ ከዚያ ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሶማሌ ሕዝብ መካከል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን አገለገለች። በቦራማ ሆስፒታል መሠረተች፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆችም ትምህርት ቤት ከፈተች። ጥቅምት 5 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በተኩስ ተገደለች። ክርስቲያን መሆኗን ሕሙማኑ ያውቁ ነበር፤ ስብከቷ ግን አገልግሎቷ ነበር።

4. ነጻነትን ማክበር

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ፣ እምነት በነጻ ፈቃድ የሚሰጥ መልስ መሆኑን አስተምሯል። ማስገደድም ሆነ ድኾችንና ያልተማሩትን በማይገባ መንገድ ማባበል የተከለከለ ነው። ስለዚህ እርዳታን የእምነት መለወጫ ማድረግ ከወንጌል ጋር አይስማማም። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ (3፥15) ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን፣ መልሳችንም በየዋህነትና በአክብሮት እንዲሆን ያዝዛል።

ለሱባኤው መሪዎች

የመጀመሪያው ቀን ለጸጥታ፣ ለቅዱስ ወንጌል ንባብና ለምስጢረ ንስሐ ይሁን፤ ከክርስቶስ ጋር ያልተነጋገረ ስለ ክርስቶስ ሊናገር አይችልምና። በሁለተኛው ቀን ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጓደኞቻቸው ዘወትር የሚያነሡትን ስለ ቅድስት ሥላሴ፣ ስለ መስቀልና ስለ ጾም የሚጠየቀውን በአጭሩ ለመመለስ ይለማመዱ፤ የሚችሉ በሶማሊኛ ይሞክሩ። በመጨረሻም እያንዳንዱ የታመመ ጎረቤትን መጠየቅን የመሰለ አንድ አገልግሎት ይምረጥ።

ለውይይት

ሀ. እምነቴን የምደብቀው መቼ ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
ለ. ከሙስሊም ጓደኛዬ ስለ ጸሎትና ስለ እንግዳ ተቀባይነት ምን ተምሬአለሁ?
ሐ. ስለ ተስፋዬ ዛሬ ብጠየቅ በሦስት ዓረፍተ ነገር ምን እመልሳለሁ?

ፊልጶስን ወደ ሠረገላው እንዲቀርብ ያዘዘ መንፈስ ቅዱስ ወጣቶቻችንንም ይምራ።