መክሊትህ ወዴት አለ?

ስለ ክርስቲያን ጥሪና ስለ ዕለት ሥራ የተጻፈ ትምህርት

አስቀድሞ የሚነበብ፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከቁጥር 14 እስከ 30፤ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 ከቁጥር 1 እስከ 6፤ ወደ ቈላስይስ ሰዎች ምዕራፍ 3 ከቁጥር 22 እስከ 24።

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ ብዙ ሰዎች እግዚአብሔርን ማገልገል ለካህን፥ ለመነኵሴና ለወንጌል ሰባኪ ብቻ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ሌላው ሕዝብ ስድስት ቀን ለሆዱ ይሠራል፤ በሰባተኛው ቀን ለእግዚአብሔር ጥቂት ሰዓት ይሰጥና ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ከዚህ አሳብ ሁለት ክፉ ፍሬ ይወጣል። አንደኛው፥ ሰው ልቡ በሁለት ይከፈላል፤ በቤተ ክርስቲያን ትሑት የሆነው ጸሐፊ በመሥሪያ ቤቱ ጉቦ ይቀበላል፥ በጸሎት የሚያለቅሰውም ነጋዴ በገበያ ሚዛን ያጐድላል። ሁለተኛው፥ እግዚአብሔርን በቅን ልብ ሊያገለግል የሚወድ ሸማኔ ወይም ልብስ ሰፊ «እኔ ምን አለኝ?» እያለ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ ትምህርት ለሁለቱም የተጻፈ ነው።

1ኛ፤ መክሊት ምንድር ነው?

እኛ ዛሬ መክሊት ስንል የሰውን ስጦታና ችሎታ ማለታችን ነው። በጌታችን ዘመን ግን መክሊት የገንዘብ ሚዛን ስም ነበረ። አንድ መክሊት 6000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናርም የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ እንደ ነበረ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች ከተነገረው ምሳሌ እናውቃለን። እንግዲህ ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፥ አንድ መክሊት የ20 ዓመት ደመወዝ ይሆናል። አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ ጥቂት ተቀበለ የምንለው ከባልንጀሮቹ ጋር ስለምናስተያየው ነው እንጂ፥ በእጁ የነበረውስ ብዙ ገንዘብ ነው።

ደግሞ ጥፋቱን መርምር። አልሰረቀም፥ በመጠጥና በጨዋታም አላባከነም፤ የተቀበለውን ሳያጐድል መለሰ። በሰው ፍርድ ቤት ቢቆም ምናልባት ነጻ በወጣ ነበር። የተፈረደበት ጌታውን ጨካኝ አድርጎ ስላሰበና ከዚህም አሳብ የተነሣ ፈርቶ መክሊቱን በምድር ስለ ቀበረ ነው። ስለዚህ ክፉ አለማድረግ ብቻ ለክርስቲያን አይበቃውም።

ሦስተኛ ነገር አስተውል። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተቀበሉት ምስጋና በቃሉ እንኳ አይለያይም። ጌታ የጠየቀው ታማኝነትን ነው፤ የትርፍን ብዛት አላወዳደረም። በባልንጀራህ አምስት መክሊት የምትቀና አንተ ሆይ፥ ስለ እርሱ መክሊት ማንም እንደማይጠይቅህ ዕወቅ።

2ኛ፤ የእጅ ሥራ ክብር

በኦሪት መጽሐፍ እግዚአብሔር መንፈሱን እንደ ሞላበት በመጀመሪያ የተነገረለት ሰው ንጉሥ ወይም ነቢይ አይደለም፤ ከይሁዳ ነገድ የሆነ ባስልኤል የሚባል ብልሃተኛ ነው። መንፈስም የተሰጠው ወርቅና ብር እንዲሠራ፥ ድንጋይ እንዲቀርጽ፥ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ጌታችን ራሱም ለማስተማር ከመውጣቱ በፊት ጸራቢ ነበረ፤ የአገሩ ሰዎችም በዚህ ምክንያት እንደ ናቁት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተጽፎአል። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ቀን ድንኳን የሰፋው እጅና ወደ አብያተ ክርስቲያናት መልእክት የላከው እጅ አንድ ነው።

በአገራችን ግን ለብዙ ዘመን ቀጥቃጩ ቡዳ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፥ ሸክላ የምትሠራው ሴት ርኩስ እየተባሉ ተሰደቡ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን ግን የሚለውጥ የእግዚአብሔር ቃል ነው። እስቲ አስብ፤ ማረሻ የሚሠራ ባይኖር ገበሬው በምን ያርሳል? ሸማኔ ባይኖር የሚሳደበው ጌታ ምን ይለብሳል? ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና እንኳ ቆዳ በፋቀ ሰው እጅ አልፎ የመጣ ነው። ማርቲን ሉተርም በ1520 ዓመት ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ ጫማ ሰፊውና አንጥረኛው ገበሬውም እንደ ጳጳሱ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት የተቀደሱ መሆናቸውን፥ እያንዳንዱም በሥራው ሌላውን ሊጠቅም እንደሚገባው አስረድቶአል።

3ኛ፤ ሁለት ምስክሮች

ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር አገር ናቸው። በልጅነታቸው ስማቸው ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር በምጽዋ ነጻ ወጡ። በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፥ ኋላም በስዊድን አገር ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ ወንጌልን ወደ ወገኖቻቸው ሊያደርሱ ተነሡ። ነገር ግን ደጋግመው ቢሞክሩ መንገዱ ተዘጋባቸው። ይህ ለሌላ ሰው የተስፋ መቍረጥ ምክንያት በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን በእግራቸው ያልገቡበት አገር መጽሐፍ እንዲገባበት በእምኩሉ ተቀምጠው መተርጐም ጀመሩ።

በዚያ ግን ሌላ ችግር ደረሰባቸው። ከአገራቸው በሕፃንነት ስለ ተወሰዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቃላት አልበቃቸውም። በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ተገኘች። እርስዋም በባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ዓመት ከባሕር ላይ ነጻ የወጣች ናት። መክሊትዋ ጥሩ ጆሮና ያልደከመ ማስታወስ ነበረ። በአገርዋ የሰማችውን ተረት፥ ዘፈንና ምሳሌ፥ ቃሉንም አንድ በአንድ እያስታወሰች ጻፈች፤ ከዚህም ጋር በ1894 ዓመት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። በ1899 ዓመትም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ። በ1904 ዓመት ሁለቱም ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

አንባቢ ሆይ፤ አያቶች ለልጆች በእሳት ዳር የሚነግሩትን ተረት ማስታወስ መክሊት ነው ብሎ ያሰበ ማን ነበረ? ባሪያ ነጋዴዎች ሁሉን ቀምተው ይህን ሊወስዱ አልቻሉም። አስቴርም «ይህ ከንቱ ነገር ነው» ብትል ኖሮ ያ መክሊት ከእርስዋ ጋር በተቀበረ ነበር።

4ኛ፤ መክሊትህን እንዴት ታውቃለህ?

በመጀመሪያ በእጅህ ያለውን ተመልከት። እግዚአብሔር ሙሴን ሲልክ የጠየቀው በእጁ ስላለው በትር ነበረ። ሁለተኛ፥ ጎረቤቶችህ በምን ነገር ወደ አንተ እንደሚመጡ አስተውል። አንዱ ደብዳቤ ሊያጽፍ፥ ሌላው የተጣላ ሰው ሊያስታርቅ፥ ሌላዋም ስለ ታመመ ልጅዋ ምክር ልትጠይቅ ይመጡ ይሆናል። ሰው ራሱን ከሚያውቅ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ሦስተኛ፥ በፊትህ ያለውን ችግር እይ፤ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ የመበለቶችን መራቆት ባየች ጊዜ መርፌዋን አነሣች። ተማሪ ብትሆን ደግሞ ዛሬ መክሊትህ ትምህርትህ ነው፤ ሲመረቅ አገሩን አገለግላለሁ እያለ ዛሬ የባልንጀራውን ጽሕፈት የሚገለብጥ ተማሪ ነገን አያታልለውም።

5ኛ፤ የሚነሡ ጥያቄዎች

«አለቃዬ ክፉ ነው፤ ሥራዬንም የሚያይልኝ የለም» የሚል አለ። ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች የጻፈው ደመወዝ ለሌላቸው ባሮች ነበረ፤ ሥራቸውንም ለሰው እንደሚሠሩ ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠሩ አድርገው እንዲሠሩት መከራቸው። ይህ ማለት ግፍ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ያው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት አርነት ሊያገኝ የሚችል ባሪያ እንዲጠቀምበት ነግሮአል። አለቃህ ክፉ ቢሆን ሥራህን አበላሽተህ ራስህን አታዋርድ፤ የተሻለ ስፍራ ብታገኝ ግን መሄድህ ኀጢአት አይደለም።

«ሥራዬ ራሱ ማታለል ቢሆንስ?» ቢባል፥ ሌባ ስርቆቱን ጥሪ ሊለው አይችልም። ለኤፌሶን ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 የሚሰርቅ ሰው ስርቆቱን ትቶ በእጁ እንዲሠራ ታዝዞአል። ምክንያቱም ሆዱን እንዲሞላ ብቻ አልተባለም፤ ለተቸገረ የሚሰጠው እንዲኖረው ነው።

«ብዙ ብሠራ እጸድቃለሁን?» ለሚልም፥ ባሪያዎቹ መክሊቱን የተቀበሉት ከመነገዳቸው በፊት እንደ ሆነ አስተውል። ጸጋ ይቀድማል፥ ሥራ ይከተላል። ፍሬ ዛፉን ሕያው አያደርገውም፤ ሕይወት ያለው መሆኑን ግን ይገልጣል።

ለምርመራ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. እስከ ዛሬ ንቄው የቀበርሁት ስጦታ ምንድር ነው? የቀበርሁትስ በፍርሃት ነው ወይስ በስንፍና?
2. በሥራው ምክንያት የናቅሁት ሰው አለን? ከእርሱ እጅ ምን በረከት ተቀበልሁ?
3. ጌታ ነገ ወደ ሱቄ፥ ወደ መሥሪያ ቤቴ ወይም ወደ ወጥ ቤቴ ቢገባ የምደብቀው ነገር ምንድር ነው?
4. ከደመወዜ ለተቸገረ ሰው የሚሆን ድርሻ ለይቻለሁን?

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ አንቺም እኅቴ ሆይ፤ ይህን አንብባችሁ ስትፈጽሙ ታላቅ ነገር ለማድረግ አትሳሉ። ነገ ጠዋት የሚጠብቃችሁን ሥራ በእውነት፥ በትጋትና በጸሎት ጀምሩት። ሚዛኑ ይስተካከል፥ ስፌቱ ይጥበቅ፥ ደብዳቤው ሳይዘገይ ይጻፍ። ጌታ በሚመለስበት ቀን የሚጠይቃችሁ ስለ ሰጣችሁ ነገር ነው፤ እርሱም መክሊቱን ያደለው የእያንዳንዱን ዓቅም አውቆ ነውና፥ አትፍሩ።