አንድ ስልክ፣ አራት ኮድ

በጭሮም (አሰበ ተፈሪ) ሆነ በሒርናና በገለምሶ፣ ስልክ የሚሸጠውም የሚጠግነውም «ኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ» ይባላል። የኢንዱስትሪ ምደባ ግን የሚያየው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትን ሥራ ጭምር ነው። በተባበሩት መንግሥታት ምደባ አራተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 2008) ስልክ፦

ሲመረት 2630፣
በጅምላ ሲሸጥ 4652፣
በችርቻሮ 4741፣
ሲጠገን 9512 ነው።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚያመርት 2640 ይገባል። ማቀዝቀዣ ግን በ2750 ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጋር ይመደባል። ልብ ይበሉ! ክፍሎችን ገጣጥሞ ስልክ የሚያወጣም አምራች ነው።

በአገራችን የጸና የንግድ ሥራ ፈቃድ ሳይኖር መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ተከልክሏል፤ ፈቃዱም በመደብ ይሰጣል። ለችርቻሮ የወጣ ፈቃድ መገጣጠሚያውን አይሸፍንም። የአገራችን መደቦች የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ከላይ ያለውን በፎርሙ ላይ አይገልብጡ። አስቀድመው ግን «ዕቃውን ምን አደርገዋለሁ?» ብለው ይወስኑ።